ጥያቄ ቁጥር አራት

ቤርሼባ መናኸሪያ፣ መድረክ ቁጥር ዘጠኝ፣
አሥራ ሁለት ደቂቃ እረፍት ሲሰጠኝ፣
ሞተሬን አጥፍቼ፣ ወንበሬን አጋድሜ፣
ስልኬን ከመሪው ጋር አስደግፌ አቁሜ
እጠብቃለሁ ጥሪ፤
የማክሰኞ ማታ የሒሳብ አስተማሪ፣
እኔው፣ ከአምስተኛ ያልወጣሁ፣
ክፍልፋይ ሲጀመር ከክፍል የታጣሁ።

ታሄል ናት፣ ከኔታንያ፣ ከእናቷ ቤት፤
እርሳሷን ታኝካለች እንደ መፋቂያ እንጨት።
ከዕብራይስጥ ወዳማርኛ ስታሻግረው
ግሡ ጾታ ይለውጣል፤ እኔም አላርመው።
«አባ፣ አንድ አውቶቡስ ከኔታንያ ወጣች፣
በሰዓት ስልሳ ኪሎሜትር ሮጠች፤
ሌላዋም እንደሷ፣ በዚያችው ሰዓት፣
ከቤርሼባ መጣች፣ በዚያችው ፍጥነት፤
መሀላቸው ያለው መቶ ሀያ ኪሎ።
‹መቼ፣ የት ይገናኛሉ?› ይላል፣ ብሎ ብሎ።»

«ስንት ሰዓት ተነሡ?»
«ጧት፣ በሰባት።»
«ነዋ፣ አንድ ሰዓት»
አልኩ ለራሴ፣ ባገሬ አቆጣጠር፣ በለመደ አፌ።
ዝም አለች፤ ጫረች፤ ጠበቅኳት መሪውን ታቅፌ።
«ስልሳና ስልሳ... ለመቶ ሀያ... አባ! አንድ ሰዓት!
ሳትደምር ሳታካፍል፣ በምን አወቅካት?»
እውነቱን አልነገርኳት።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጎበዝ መባል ጣመኝ፤
ካምስተኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ ማን ሸለመኝ?

ግን ይሄ የመጽሐፍ አውቶቡስ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው?
ፌርማታ የማያውቅ፣ መብራት የማይዘው፣
ጋሪዋን እየጎተተች «ቆየኝ ልጄ» የምትል ባልቴት፣
ጠመንጃውን ታቅፎ መስታወቱ ላይ የተኛ ወታደር የሌለበት፤
ሾፌሩም ያው ስልሳ፣ ሁሌ ስልሳ፣ ቁልቁለትም ዳገትም፣
ውሃ አይጠማው፣
ልጁ አትደውልለትም።

«የቱ ጋ ነው ታዲያ?» አለች።
ዓይኔን ጨፍኜ ስልሳውን ኪሎ በጎማዬ ለካሁ፤
ለሃቪምን አለፍኩ፣ ቂርያት ጋትን ነካሁ፣
ከዚያ ወደ ላይ ትንሽ...
«ገደራ፣ ከማደያው አለፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ።»
ጻፈችው። ከዚያ ጠየቀች፣ ድምጿን ዝግ አድርጋ፤
«አባ፣ እዚያ ይቆማሉ?»
«አይ፣ መብራት ብልጭ ያደርጋሉ፣
እጅ ያነሣሉ፣ ይተላለፋሉ።»
«ይሄማ መገናኘት አይደለም» አለችኝ።
ተቆጣጣሪው መስኮቱን መታ፤ ሳልመልስላት አመለጠችኝ።

መስመሬ ወደ ሰሜን ነው። ገደራ ላይ፣ ባሕር ዛፎቹን ሳልፍ፣
አንዱ ከወዲያ መጣ፣ ባዶውን፣ ሲከንፍ፤
መብራቱን ብልጭ አደረገ። እጄን አነሣሁ፣ ደንብ ነው።
እግሬ ግን ፍሬኑን ነካ፤ እንጃ ማን እንዳዘዘው።
ወታደሩ ባነነ።
ከኋላ አንዲት ሴት «ምን ሆነ?»
«ምንም» አልኳት፣ «ሒሳብ ነው።»