«ምርመራ» የምትለው ዓምድ

መሐል ሜዳ፣ መጋቢት፤ ሦስት ሰዓት ከጠዋቱ፣
የዝናብ መለኪያውን አመዳይ ይዞታል እስካንገቱ።
ባናዬን ደርቤ፣ በርከክ ብዬ፣ ጭረቱን አያለሁ፤
ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን እተዋለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሃይማኖቴ ይኸው ነበር፦
«ለምን ዘነበ» አይደለም፤ «ስንት ዘነበ» ነው ቁም ነገር።

ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህር፣ ጠመኔ ባነጣው ጣቱ፣
ሦስት ደረጃ ሥሎልን ነበር ለሰው ልጅ አእምሮ ዕድገቱ፦
ሕፃን ሳለ ሰማይ ይለምናል፣ ሲጎረምስ ይፈላሰፋል፣
ሲበስል ግን ይለካል፤ የለካውን ብቻ ይጽፋል።
እኔም ከላይኛዋ ቆሜ፣ ምህላተኛውን ቁልቁል ሳይ፣
ልጆች ይመስሉኝ ነበር፣ አንጋጠው ወደ ሰማይ።

መሪጌታ ወልደ ኪሮስ፣ ካጥሬ ማዶ ጎረቤቴ፣
ከምህላ ሲመለሱ ይቆማሉ ከደጅ ከቤቴ።
«ስንት ሰጠን?» ይሉኛል።
            «የሰጠ የለም፤ አራት ሚሊ ወረደ።»
«አራቱን ይባርክልን» — ሳቃቸው ቀድሟቸው ሄደ።

ዘንድሮ በልጉ ከዳ። ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ቀላ።
ሊቀመንበሩ መጣ፣ ባትሪውን አጥፍቶ፣ በጓሮ፣ ከራት በኋላ፦
«ቅጹ ላይ ዜሮ በል። ዜሮ ሲያይ ነው እህል የሚልክ ወረዳ፤
አራት ሚሊ ምን ይረባል? የአሞራ ምራቅ ለሜዳ!»
እውነቱን ነው። አራት ሚሊ ገብስ አያቆምም።
ዜሮም ግን አይደለም።

ብልቃጡን በኩራዝ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ አየሁ፤
«አትዋሽ» የሚል ጭረት አጣሁ፣ «እዘን» የሚልም አጣሁ።
ታዲያ እጄን ምን ያዘው? ሆዴንስ ምን አባባው?
መምህሬ ይህን አልሣለልንም፤ ጠመኔ ይሆን ያነሰው?

ሲነጋ ከመሪጌታ ሄድኩ፣ ጥቅስ ስጠብቅ ካፋቸው።
«እስቲ ቅጹን» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ጠርገው።
ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን እያሉ፣ ባምዱ ላይ ሄዶ ጣታቸው
መጨረሻዋ ላይ ቆመ፦ «ይቺስ ናት ምን የሚሏት?»
«ምርመራ» አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ባዶዋን ነበር የላክኋት።

ሁለት ጣት ናት ስፋቷ።
አራት ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ገብስ ቀልቷል። የአስናቁ በሬ ትናንት ወደቀ።
ካጥሩ ማዶ ሕፃን ያስላል፤ አርባ ድረስ ቆጠርኩ፣ ዐቅሜ አለቀ።
እህል ላኩ።»
ለመጨረሻዋ ቃል መለኪያ የለኝም። አልሰረዝኳትም።

ፖስታው በጣርማ በር ጉም ወደ ደብረ ብርሃን ካለፈ
ሳምንት ሆነው። መልስ የለም።
ዛሬ ብልቃጡ ደረቅ ነው።
ዜሮ ጻፍኩ። አልዋሸሁም።