ከብር ወንዝ ወዲህ

አያ ሽባባው ሲቆጥር፣ ጣቱን በጣቱ እያጠፈ፣
ከኔ ጀምሮ ወደ ላይ፣ አራት አባት አሳለፈ፤
አምስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣
«አቅኚው ቢያድግልኝ» ብሎ፣ ቆጠራውን አሳረገ።

ነገሩ የመሬት ነው፤
ከወረዳ ሰው መጥቶ፣ ገመድ ዘርግቶ፣ ችካል ተክሎ፣
«ይህ ማሳ ከማን የወረደ ነው?» ብሎ
ስለጠየቀን ነው እንጂ፣ ሙታኑን ማን ይቀሰቅስ ነበር።

አያቴ ስመኝ ግን፣ ከደጃፍ ተቀምጣ፣
ጥጧን እየባዘተች፣ ከፍ ያለ ድምፅ ሳታወጣ፣
«ቢያድግልኝማ ከብር ወንዝ ተመለሰ» አለች፤
«ወንበርማን በዓይኑ አላያት። ያቀናች እሷ ነበረች።»

አያ ሽባባው ሳቀ። የታጠፈች አውራ ጣቱን
ግን አልዘረጋትም።

አንጓች ነው ስሟ። የእነማይ ልጅ፣ የፈንቴ፤
የቀረውን እንዲህ ነው የሰማሁት ካያቴ፦
በክፉው ቀን ነው፤ ከብቱ በየመስኩ ወድቆ ሲጠፋ፣
ገበሬው ቀንበሩን ፈልጦ፣ አንድዶ ሲያንቀላፋ፣
በቀረችው አንድ ትልም ወንድሞቿ ሲካሰሱ፣
«ወንበርማ መሬቱ ሰፊ፣ ሰዎቹ ናቸው የሚያንሱ»
አላት አንድ የጨው ነጋዴ።

ወፍጮው አይነሳም፤ ተወችው። መጁን ግን አዘለች፤
ልጇን ከፊት አቀፈች፣ ድንጋዩን ከኋላ፤ ሄደች።
ጎረቤት ሳቀባት፤ «ድንጋይ ከሌለበት አገር ነው የምትሄጅ?»
«ድንጋይስ አለ» አለች፤ «የናቴን እጅ የለመደ መጅ
ከየት ላመጣ ነው እንጂ።»

የጤፍ ዘር ነበራት በቅል፣ አፉን በእበት የመረገችው፣
ሦስት ቀን ጦሟን ስታድር፣ አንዴም እንኳ ያልከፈተችው።
ደምበጫን አለፉ። ተምጫን በገመድ ተሻገሩ።
ብር ላይ ሲደርሱ ግን ሞልቶ ጠበቃቸው፤
ክረምት ነው፣ ውሃው ቀይ፤
ልጁን ንዳድ ይዞታል፤ ዓይኑ ተከፍቶ አያይ።

ሌሊት ሞተ። እሷ ቆፈረች፣ ከዋንዛው ሥር፣ በዶማ፤
ቢያድግልኝ ችቦ ያዘ፤ አንድ ቃል እንኳ አልተሰማ።
ሲነጋ፣ «እኔስ ይበቃኛል፤ ወዳገሬ ነኝ» አለ፤
ዱላውን፣ ከዱላው ጋር ጋቢውን፣ እግሯ ሥር ጣለ።
አልረገመችውም ይላሉ።
ረግማውም ይሆናል፤ ማን ነበር እዚያ?

ውሃው ሲጎድል ገባችበት፤
ከፊቷ ባዶ፣ ከኋላዋ ድንጋይ፣ ሚዛኗ ጠፍቶባት፣
እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ እየሳባት።
ከፊት ባዶ መስሏት ነበር።
ሰጠኝ፣ አራተኛው አባቴ፣
ገና ያላወቀችው፣ ሆዷ ውስጥ አብሯት ይሻገር ነበር።

አገሩም እንደተባለው ባዶ አልነበረም።
ከጫካው ጭስ ይወጣል፤ የሰው እርሻ አለ፤
የንዳዱን ቅጠል ያሳየቻት አንዲት የሽናሻ ሴት ናት፤
ቅጠሉን ዛሬም እንቀቅላለን። ስሟን የያዘላት የለም።
በሬ ስላልነበረ፣ አንጓች ሰባት ዓመት በዶማ አረሰች፤
በስምንተኛው ወይፈን ገዝታ፣ ልጇን ሞፈር አስያዘች፤
ከዚያ በኋላ ነው ወንዶቹ መቆጠር የጀመሩት።

መዝጋቢው ብዕሩን አንስቶ፣ «አቅኚ?» አለ።
«አንጓች ፈንቴ» አልኩት።
«ወንድ ነው?» አለ፣ ቀና ሳይል።
አያቴ ጥጧን አስቀመጠች።
«አዎ» ልል ምንም አልቀረኝም፤ ፀሐዩ በርትቶ ነበር፤
«ሴት ናት» አልኩት፤ ሰረዘ፣ ጻፈ።

ማታ፣ በራሴ ደብተር፣ ከሰጠኝ በላይ
አንድ መስመር ባዶ ተውኩ፤
ከዋንዛው ሥር ላለው።
ዋንዛውም ተቆርጧል አሉ፤ መንገድ ወጥቶበታል።

መጁ ግን አለ። የበረቱን መዝጊያ ይይዛል፤
መሐሉ ጎድጉዷል፣ እንደ መዳፍ።
ጥጃው ጠዋት ጠዋት ይልሰዋል፤
ጨው ይመስለዋል።