ሁለት ፊደል

ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጥር ዳር፣
የሲኖዶሳችን ቢሮ፦ አንዲት የቆርቆሮ በር።
ዘጠኝ ማኅበረ ምእመናን፣ አራት ቄስ፣ አንድ ማኅተም፤
ማኅተሙ በወተት ጣሳ፣ ቁልፉ ከኔ አይለይም።

የተለየንበት ቀን ዝናብ ነበር። ቄስ ዱካሞ ተነሥተው፣
እንዲህ አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፦
«‹ይህ ሥጋዬ› ያለው ጌታ ‹ነው› ብሎ ጨርሶታል፤
‹ምሳሌ› የሚል ሰው መሀል ገብቶ ምን ይሠራል?»
ጃንጥላቸውን አነሡ። ዐሥራ ሰባት ሰው ተከተለ፤
ወንድሜ ላሊሞ ግን «ዝናቡ ያባራ» ብሎ እዚያው ዋለ።

ሃያ ሦስት ዓመት። ዝናቡ አላባራለትም።
አሞራ ገደል ዓሣ ስንገዛ እንገናኛለን፤
በቆሮሶ ዋጋ፣ በእናታችን ቤት ኪራይ እንስማማለን፤
አንድ ገበታ እንቀርባለን።
ወደዚያኛው ማዕድ ግን አብረን አንቀርብም።

ዛሬ ጠቅላላ ጉባኤ። ምልዓቱ በአንድ ሰው ጎደለ፤
አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ እንደ ታዛቢ ተተከለ።
ወይዘሮ ቡርሴ ከአለታ ወንዶ በአይሱዙ ደረሱ፤
ቋጠሮ ፈተው መዋጮውን ቆጠሩ፣ ጭቃቸውን ሳያብሱ።

«ምልዓተ ጉባኤው የተሟላ…» ጻፍኩ፤ እጄ ግን ቆመ።
ላሊሞን ሰሞኑን ዓሣ ገበያ አላየሁትም። ምን ነካው? ታመመ?

ቃሏ ቀረችኝ፤ ሁለት ፊደል።
ጻፍኳት።