የትውከት መዝገብ

ጎንዛሎ ደሴት ላይ፣ ከኬፕ ሆርን ባሻገር፣
ነፋስ ነው ባላገር፤
ሰው በፈረቃ ነው፣ በመርከብ ይመጣል፣
ዱቄቱ ሲያልቅበት ተመልሶ ይወጣል።

ጎጆው የጭቃ እንስራ፣ ጫጩቱ ክዳኑ፤
ስቀርበው ምንቃር ያጋጫል፤ «ዘወር በይ» ነው ልሳኑ።
ተንበርክኬ እለቅማለሁ፣ ማንኪያና ከረጢት ይዤ፣
የተፋውን ጥቅል ሁሉ፣ እስከ ክርኔ ደንዝዤ።

ካቦ ኦያርሶ፣ የመብራት ቤቱ ዘበኛ፣
«ለዚህ ነው ወይ የተማርሽው?» ይለኛል፣ «የትውከት ዳኛ!»
ይስቅና
ማቴውን በትኩሱ ሞልቶ ያቀብለኛል።

ስኩዊድ አጥንት የለው፤ ሆድ ሲገባ ይቀልጣል፤
ምንቃሩ ግን ቀንድ ነው፣ ከጨጓራ እሳት ያመልጣል፤
ጥቁር፣ ቆልማማ፣ የበቀቀን አምሳያ፣
አንዳንዱ ጥፍሬን የሚያክል፣ አንዳንዱ የሾርባ ማንኪያ።

ከነዚህ መካከል አንዱን፣ ባለ ቀይ ጠርዙን፣
በሕይወት ያየው ሰው አላውቅም፤
መረብ አልነካውም፣ ገበያ አልጠራውም፤
ስም የወጣለት ከወፍ ሆድ ነው፣
ክርስትናው ከቀብሩ በኋላ ነው።
«የት ትኖር ነበር?» ብለው
መልሱን ቀንዱ ላይ ጽፎ ትቶልኛል፤
ቀዝቃዛ ባሕር ያደገ እንደሆን ካርቦኑ ይቀላል፣
የሞቀ ባሕር ያደገ እንደሆን ይከብዳል።
ከወፏ እግር ላይ ያሰርኳት፣ ባቄላ የምታህል መሣሪያም
ያደረችበትን ማዕበል አንድ በአንድ ትቆጥራለች።
ሁለቱን አጋጥሜ፣
ማንም ባልወረደበት ጨለማ ላይ
ሰማያዊ ነጥብ አኖራለሁ፤
እዚህ ይኖራሉ፣ እላለሁ።

መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ እጄ ቆመ።
ምንቃሩ ትልቅ፣ ካርቦኑ ከባድ፤
የኮኪምቦ ሂቢያ!
ከዚህ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በስተሰሜን፣
ፀሐይ የሞቀው ውሃ ልጅ፣
ምን እግር ጣለው በረዶ ደጅ?
ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።
ባሕሩ ሞቆ ይሆን? ስኩዊዱ አገር ለቆ ይሆን?
ለፕሮፌሰሬ ደብዳቤ ጀመርኩ፤
«ከዚህ በፊት ያልታየ» የሚለውን ሁለቴ አሰመርኩበት።

በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጥቅል እንደገና ፈታሁ።
ከላባና ከዓሣ አከርካሪ ሥር
መንጠቆ።
ዝገት የጀመረው፣ አረንጓዴ ክር የታሰረበት፣
ሦስት ዙር፣ አንድ ወደ ኋላ፣ ጫፉ በክብሪት የተለበለበ።
ይህን ቋጠሮ መጽሐፍ አያውቀውም።
ኬዮን ወደብ ላይ፣ በሰባት ዓመቴ፣
ጣቴን በጣቱ ይዞ ያስቋጠረኝ አባቴ
ኤውሎሂዮ ነው።

ሂቢያው አልዋኘም።
በካርቶን፣ በበረዶ ታሽጎ፣
በአባቴ መርከብ ሆድ ተጭኖ መጣ፤
ለጥልቁ ዓሣ ማባበያ ተብሎ ሲጣል
ወፏ ቀድማ ዋጠችው፣
ለልጇም አጎረሰችው።
የእግሯ መሣሪያ ቦታውን አልደበቀም፦
በየካቲት፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣
ማጥመድ ከተከለከለበት መስመር አልፎ፣ ደቡብ።

ስኩዊድ ስፈልግ አባቴን አገኘሁት።

የስኩዊዶቹን ካርታ ላጲስ አጸዳው፤ ነጥቡ ጠፋ።
ሌላውን ነጥብ ግን የት ላድርገው?
መዝገቡ «ምንጭ» የሚል ዓምድ አለው፤
«ማባበያ» ብዬ ጻፍኩ።
«የማን» የሚል ዓምድ የለውም።

እሑድ በራዲዮ ድምፁ መጣ፣ እየተቆራረጠ፦
«ልጄ፣ ስኩዊዶችሽ የት እንደሚኖሩ ደረስሽበት?»
«ደረስኩበት» አልኩት። «አንተስ የት ነህ?»
ነፋሱ ጥቂት ተናገረ።
«ሰሜን ነኝ» አለ፣ «ሰሜን፣ እንደ ሁልጊዜው።»
ኪሴ ውስጥ መንጠቆው ጣቴን ወጋኝ።
«በል በርታ» አልኩት፣ «ብርድ እንዳይመታህ።»

ከዚያ ወጣሁ። ሳሩ በነፋስ ተኝቷል።
የዚያ ጎጆ ጫጩት ዛሬም ብቻውን ነው፤
እናቱ ከወጣች ስድስተኛ ቀኗ።
ስቀርበው ምንቃሩን አላጋጨም፤
ከእኔ በላይ አሻግሮ
ወደ ደቡብ ያያል።