አንድ ሰው ጎደለ

መብራት መጣ ዛሬ ከሦስት ቀን ኋላ፣
ፈጥኜ ነፋሁት የባሕሩን ማሽላ።
በዚህ ስም ነው እናቴ በቆሎን የምትጠራው፤
«የቱ ባሕር?» ብላት፣ «እኔ ምኑን ላውራው።»
ጣና ግን ከደጃችን ተንጋሎ ተኝቷል፣
ሐይቅ ነህ ቢሉትም ባሕር መባል ያምረዋል።

ወንድሜ መኳንንት፣ ጋራዥ የሚሠራ፣
የድልህ ቆርቆሮ ሲለቅም ሰንብቶ ከምግብ ቤት ተራ፣
አፋቸውን ሞርዶ፣
በአንድ ላሜራ ላይ በሁለት ረድፍ በይዶ፣
መጋገሪያ ሰጠኝ፣ ባለ አሥራ ሁለት ዓይን፣
አንዱ ዓይን አንድ ጉርሻ የሚሆን።

ለአባባ ነው ይሄ። ሰኔ ላይ ነው፣ አንድ ቀን፣
ቀኝ እጁም ቀኝ አፉም «የለንበትም» ብለው የከዱን።
ሐኪሙ ሲያሰናብት፣ «ትልልቅ አታጉርሱት፤
ያንቀዋል፤ በትንሹ፣ በወተት አርሱት።»
ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይላል የአገር ሰው፤
የኛን ጉርሻ ግን እንዳያስጨንቅ ነው የምናሳንሰው።

እንየው ባለ ጀልባው፣ ዝናብም ፀሐይም፣
«ዘጌ! ዘጌ!» ሲል ኖሮ፣ ከወደቡ አይጠፋም፤
ወንበሩ ሳይሞላ ገመድ አይፈታም።
ተሳፋሪ ቢቆጣ፣ ሞተሩ ቢያጉረመርም፣
«አንድ ሰው ጎደለ» ካለ፣ አለ ነው፤ አይሄድም።
ያ ድምፅ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከቤታችን የለም፤
«እህ» ይላል፣ «እ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አያልፍም።

እንቁላሉን መታሁ፣ እርጎውን ጨመርሁ፣
ሊጡን በማንኪያ ጨልፌ ለየዓይኑ አዳረስሁ፤
አሥራ አንዱ ሲሞላ የሳህኑን ግርጌ ነካሁ።
«ይበቃል» ብዬ ላስገባ፣ ምድጃውን ስከፍት፣
ከመስኮቱ ሥር፣ ከወንበሩ፣ ሲያየኝ የነበረው ፊት
ወደ እኔ ዞረ።
ግራ እጁን አነሣ፤ ጣቱን ቀስሮ ቆጠረ።
ቆጠረና ደገመ። ከንፈሩ ታገለ፤
«አ... አንድ። ሰው። ጎደለ።»

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።
ሳህኑን ፋቅሁት በጣቴ፣ በጥፍሬ፣
ከማንኪያው ጀርባ ላይ ጠብታ ቆጥሬ፤
አሥራ ሁለተኛዋ ተሳፈረች፣ ከሁሉም ያነሰች፣
ከቆርቆሮው ወለል ፈቀቅ ያላለች።
«ትንሽ ሆነች» አልሁት። በግማሽ አፉ ሣቀ፤
«ሕፃን ናት» አለኝ፣ «ሒሳብ... የለባት»፣ ትንፋሹ አለቀ።

መብራቱም ያን ቀን ሳይከዳን አመሸ።
የበቆሎው ሽታ እስከ አጥሩ፣ እስከ ጎረቤት ደረሰ፤
የእማማ ባንቺአምላክ ልጅ ሳይጠሩት ገሠገሠ።
ወጡ፤ ጀርባቸው ተሰንጥቆ፣ ጠርዛቸው ጠቆር ብሎ፣
ሁለቱ ከቆርቆሮው አልላቀቅ ብለው በቢላ ታግሎ
መኳንንት አወጣቸው፤ ፍርፋሪውን ራሱ ቃመ።
አባባ ግን ትልልቆቹን አልነካም።

ከወደቡ በኩል አንድ ሞተር ተነሣ። ጆሮውን ሰጥቶ፣
ራሱን ነቀነቀ፤ ገና በድምፁ፣ አለመሙላቱን ለይቶ።
ከዚያ በግራ እጁ፣ ቀስ ብሎ፣
ሕፃኗን ከሳህኑ አነሣ፣
ወተት አስነካና
አሳፈራት።