ቀስ ብለህ ተነሣ

የመድኃኒቱ ወረቀት ስምንት ጊዜ ታጥፎ
ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ ከፍሬው ጋር ተቃቅፎ።
ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፤ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ፣
የፈረንጅ ቋንቋ፣ መስመሩ ጥቅጥቅ፣ ዓይን የሚገርፍ።
"ምን ይላል?" አለ አባቴ፣ አንማው የጀልባ ዘዋሪው፣
ሠላሳ ዓመት ከባሕር ዳር ዘጌ ማዕበል ያልመለሰው፣
ዛሬ ግን ብርጭቆ ውኃ ከአፉ ሳይደርስ የሚያፈሰው።

ምን ይላል?
ያልገባኝን ትቼ፣ ውድዓለም የነገረችኝን፣
ያቺ ከሆስፒታሉ በር ማዶ ያለችው ፋርማሲስት፣
ሳጥኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሥላ የሰጠችኝን
ነገርሁት።

"ቀስ ብለህ ተነሣ፣ አባ። መጀመሪያ ቁጭ በል ከአልጋው ጫፍ፣
ደምህ እስኪከተልህ ጠብቀው፤ ጥለኸው አትለፍ።
ጀልባ እንኳ ገመዷ ሳይፈታ
አትንቀሳቀስም ከቦታ።
አንድ ሰዓት ጠዋት፣ ሰባት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ማታ፤
የረሳኸውን ልትክስ ሁለት አትዋጥ በአንድ አፍታ።"

"ቆሮሶውስ?"
"ዓሣው አልተከለከለም፤ ግን ከክኒኑ ጋር አይጋፋ፤
አንድ በር ላይ ሁለት እንግዳ፣ አንዱ ገብቶ አንዱ እንዳይጠፋ።
ክኒኑ ይቅደም፤ ዓሣው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይግባ፤
አረቄውን ግን ተወው፣ አባ።
ላብህ ቢጠቁር፣ ነጭ ሸሚዝህን ቢያወይበው፣
ሽንትህም ጠላ ቢመስል፣ አትደንግጥ፤ ከመድኃኒቱ ነው።"

ሳቀ። የሳቀው ፊቱ አልነበረም፤ ፊቱ ከታሰረ ቆየ፤
ትከሻው ነበር የሳቀው፤ የሚያውቀው ሰው ብቻ ያየ።

በሁለተኛው ወር፣ ሌሊት ጠራኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
"ትሁኔ፣ ጉማሬ ቆሟል ከበሩ፣
አንገቱን መጋረጃው ውስጥ ሸሽጎ።"
አልሳቅሁም። አላማተብሁም። መብራቱን ብቻ አበራሁ።
"ሄደ?" አለ። "ሄደ" አልሁት።
ቀኑን ደብተር ላይ ጻፍሁ፤ ሲነጋ ለሐኪሙ ነገርሁ።

ሌላ ቀን ኪሱን ሳጥብ፣ አሥራ አራት የሎተሪ ትኬት፣
የቤቲንግ ቤትም ወረቀት!
ዕድሜውን ሙሉ ካርታ የማያውቅ፣ ዕጣ ያልቆረጠ ሰው።
"እኔንጃ" አለ አፍሮ፣ "ልቤን አንድ ነገር ነው የሚቆሰቁሰው።"
ይኼም ወረቀቱ ላይ ነበር፣ ከታች፣ በመጨረሻው እጥፋት።
መጠኑን ሐኪሙ ቀነሰ፤ እኛ አልነካነውም በራሳችን ድፍረት።

አክስቴ ጥሩዬ መጣች ከዘጌ፣ በጀሪካን ጸበል ይዛ፦
"እምነት ካለህ ክኒኑን ጣለው፤ ምን ያደርግልሃል የሱቅ ዋዛ?"
ጸበሉን ጠጣ፤ ክኒኑንም አልጣለ፤
"በአንዴ አይቆምም፤ ሞተር ማዕበል መሐል አይጠፋም" አለ፣
እሱ ራሱ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ገና።
የነፍስ አባቱም "ሁለቱንም ውሰድ" አሉት፤ ነገሩ በዚያው ቀና።

አንዲት መስመር ብቻ ቀረች፤
ወር ሙሉ ስዘላት፣ ጣቴን ስጋርድባት የከረመች፦
ድንገት እንቅልፍ ሊጥል ይችላል። አትንዳ። መሪ አትያዝ።
"አንብቢያት" አለ አንድ ቀን፣ የጀልባውን ቁልፍ ከኪሱ ሲመዝ።
አነበብኋት። ሐይቁን አየ።
ቁልፉ መዳፉ ላይ ተንሿሿ፣ ተንቀጠቀጠ፣
ከዚያ የእኔ እጅ ላይ ተቀመጠ።

እሑድ ወጣን። እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኔ፤
"ወደ ግራ፤ እዚያ ድንጋይ አለ። ዝግ አድርጊያት፣ ትሁኔ።"
ክብራን ገብርኤልን ሳናልፍ አንገቱ ዘነበለ፤
ቃል መሐል ላይ ተኛ፣ "ነፋሱ ከደ..." እንዳለ።

ሰባት ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ ቀስቅሼ ክኒኑን ሰጠሁት፤
ሊነሣ ሲል ትከሻውን ያዝሁት።
"አውቃለሁ" አለኝ፣ "ቀስ ብዬ።" እግሩን አጽንቶ ታገሠ፤
ደሙ እስኪከተለው ጠበቀ፤ ተነሣ፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ መለሰ፦
"...ቡብ ነው" አለ። ያቋረጠውን ጨረሰ።