ስሜ ሲጠራ

ነርሷ በር ከፍታ «ካውር!» ብላ ተጣራች፤
ሰባት ሴቶች ተነሳን። ወረቀቷን አጣራች።

አንዷ ከብሉቤሪ ማሳ፣ ጣቷ እስከ ጥፍሩ የጠቆረ፣
አንዷ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ዓይኗ በእንቅልፍ የታሠረ፣
አንዷ የትናንት ሙሽራ፣ እንሶስላዋ ያልፈዘዘ፣
አንዷ ሆዷ የገፋ፣ እግሯ አብጦ የደነዘዘ፤
ያቺ እኔ ነበርኩ።

ሳቅን ሰባታችንም።
ነርሷ ግን አልሳቀችም።
«እህትማማች ናችሁ?» አለች።
ከጥግ የነበረችው አሮጊት፣ ከዘራዋን ተደግፋ፣ «አዎ» ብላ መለሰች።

እንዴት ብዬ ላስረዳት?
ይህ ስም የአባቴ አይደለም፤ የባሌም አይደለም።
ስዳር አልመጣም፣ ብፈታም አይሄድም።
ስም የዘር አጥር በነበረ ጊዜ፣ አጥሩ ይፍረስ ተባለና ተሰጠ፤
ለባለ ርስቷም ለጠራጊዋም፣ አንድ ስም፣ ያልተበላለጠ።
ልዕልት ማለት ነው ይላሉ።
እኔ ልዕልት አይቼ አላውቅም። ካውር ግን አውቃለሁ፣ ብዙ።

በተወለድኩ ማግስት ታዲያ፣ በታርን ታራን ገጠር፣
በራችን ባዶ ነበር።
ወንድ ሲወለድ የኒም ቅጠል ደጃፍ ላይ ይንጠለጠላል፤
ያየ ሁሉ ጎራ ይላል፣ ጣፋጭ ቀምሶ ይመርቃል።
ለእኔም ጎረቤት መጣ፣ የጫማውን አቧራ አራግፎ፤
«አይዞሽ» አላት እናቴን፣ እንደ ለቀስተኛ አቅፎ።

አያቴ ቻናን ካውር፣ ስሟ ብርሃን የሆነ፣
ዓይኗ በሞራ የተሸፈነ፣
በሌሊት ዛፉን ዳስሳ፣ ቅርንጫፍ ቀንጥሳ፣
በሩ ላይ አሰረችው፣ ከሻሿ ክር በጥሳ።
ጠዋት አጎቴ አወረደው። ማታ መልሳ ሰቀለች።
ጠዋት አወረደው። ማታ ሰቀለች።
በአራተኛው ቀን እሱ ደከመው፤
«አርባ ቀን እስኪሞላት ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ አገጬ ፀጉር አበቀለ።
መስታወቱ ምንም አላለ።
የአክስቴ ልጅ ራቭኒት ግን ክር ይዛ መጣች፤
«ሳይታይ እንንቀለው» አለች።
ያልተነካ ፀጉር ቃል ኪዳን ነው ሲሉን አልነበር?
ለወንድሜ ሞገስ የሆነው፣ ለእኔ ለምን ሆነ ነውር?
ይህን ጠየቅሁ ብል ውሸት ነው።
ዝም ብዬ አስነቀልኩት፣ ዓመት ሙሉ፣ ዓይኔ እያለቀሰ።
ከዚያ አንድ ቀን ክሩ ተበጠሰ፤
ሌላ አልገዛሁም።
ጀግንነት አይደለም። ሰልችቶኝ ነው።

አሁን አቦትስፎርድ ነኝ። እሁድ በጸሎት ቤታችን
ማንም ገብቶ ይበላል፣ መሬት ላይ፣ ከጎናችን።
ጡረታ የወጣው ዳኛ አጠገቤ ሽንኩርት ይልጣል፤
ቢላውም እንባውም ከእኔ እኩል ይወጣል ይወርዳል።
እውነት ነው፣ እዚያ እኩል ነን።
ከላይ ፎቅ ግን ኮሚቴው ሲሰበሰብ፣
አሥራ አንድ ወንበር፣ አሥራ አንድ ጥምጥም።
እኔም ጥምጥም አለኝ፣ አምስት ሜትር፣ ውሃ ሰማያዊ፤
በየማለዳው በእጄ እጠመጥማለሁ።
ወንበር ግን አልተረፈም።

ልጄ በሐምሌ ተወለደች። ሳርጊ አልናት፣ ንጋት።
ኒም እዚህ አይበቅልም፤ የአገሩ ብርድ ይገድለዋል።
ባዶውን በር እያየሁ፣ ጡቴን እንደያዘች፣
ከዘራ ሰማሁ ደረጃው ላይ።
ያቺ የክሊኒኳ አሮጊት! ማን ቤቴን እንደነገራት እንጃ፤
በብብቷ የብሉቤሪ ቅርንጫፍ፣ ፍሬው ገና ጥሬ።
«ይሄም ቅጠል ነው» አለች።
አጎንብሳ አሰረችው፤ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።
የመጀመሪያ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቀውም።
ሁለተኛውን አውቃለሁ።

በማግስቱ ፖስተኛው መጣ። ቅጠሉን ቀና ብሎ አይቶ፣
«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ፣ ደብዳቤውን ዘርግቶ።
«ሴት ልጅ» አልኩት።